በመኖሪያ ሰፈር ጩኸት ያለው የሕንፃ ሥራ በስንት ሰዓት ሊሠራ ይገባል?

ለነጋዴ ቤት ማሠራት ከንግድ ሥራው የተለየ ጉዳይ አይደለም። ከንግዱ የተረፈው ገንዘብ ብዙውን ጊዜ በሕንፃ ላይ ይውላል፤ ሕንፃውም በአብዛኛው የሚቆመው ሰዎች በሚኖሩበት ሰፈር ውስጥ ነው። ከመደብሩ በስተጀርባ መጋዘን የሚሠራ አለ፤ ምድር ቤቱን ለሱቅ ፎቁን ለኪራይ አስቦ የሚያሠራ አለ፤ የቆየውን ቤት አፍርሶ በአዲስ የሚተካም አለ። እነዚህ ሁሉ ስለ ሲሚንቶው ዋጋ፣ ስለ ብረቱ ውፍረትና ስለ ግንባታው ፈቃድ አስቀድመው ይጠይቃሉ። ሥራው በስንት ሰዓት ተጀምሮ በስንት ሰዓት እንደሚቆም የሚጠይቁት ግን ጥቂቶች ናቸው። ይህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ጎረቤት አቤት ካለ በኋላ ነው፤ በዚያን ጊዜም መልሱ ውድ ይሆናል።

የሕንፃ ሥራን ጩኸት ፈጽሞ ማስቀረት እንደማይቻል የታወቀ ነው። ድንጋይ ሳይፈለጥ፣ ብረት ሳይቆረጥ፣ አርማታ ሳይቦካ ቤት አይቆምም። ስለዚህ በአሠሪው እጅ ያለው ትልቁ መሣሪያ ሰዓቱ ነው። ሰዓትም ከዋጋና ከጥራት ጋራ እኩል ተቆጥሮ፣ ቁፋሮው ከመጀመሩ በፊት በውል ላይ ሊጻፍና ለጎረቤት ሊነገር ይገባል። ይህ ትምህርት ምክንያቱንና አፈጻጸሙን በተራ ያስረዳል።

1ኛ. ሕጉ የሚለው

በ1952 ዓ.ም. ታውጆ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1225 ላይ ባለሀብት በሀብቱ ሲጠቀም ጎረቤቱን እንዳያውክና እንዳይጎዳ ይከለክላል። በተለይም ከመልካም ጉርብትና ልክ ያለፈ ጭስ፣ ጥላሸት፣ መጥፎ ሽታ፣ ድምፅና መንቀጥቀጥ እንዳያደርስ ያዛል። በዚህ ድንጋጌ ውስጥ ሁለት ቁም ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው፣ መሬቱ የራስ መሆኑ ጎረቤትን ለማወክ መብት አይሰጥም። ሁለተኛው፣ ሕጉ ድምፅን ሁሉ አልከለከለም፤ የከለከለው ከመልካም ጉርብትና ልክ ያለፈውን ነው። የልኩ ማለፍና አለማለፍ ደግሞ የሚታወቀው በድምፁ ብርታት ብቻ ሳይሆን በሰዓቱም ጭምር ነው። በቀን 5 ሰዓት ላይ የሚሰማ የመዶሻ ድምፅ ሰው የሚታገሠው ነገር ነው፤ ያው መዶሻ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ቢመታ ግን ማንም ልክ ነው አይለውም።

የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር ዐዋጅ ቁጥር 300/1995 ደግሞ የድምፅ መጠን በደረጃ እንዲወሰን ያዛል። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ2003 የወጣው የአካባቢ ደረጃዎች መመሪያ በመኖሪያ ሰፈር የሚፈቀደው ድምፅ በቀን ከ55፣ በሌሊት ከ45 ዴሲቤል እንዳይበልጥ አመልክቷል። ለንግድ ሰፈር በቀን 65፣ በሌሊት 55 ሲሆን፣ ለኢንዱስትሪ ሰፈር በቀን 75፣ በሌሊት 70 ነው። በመመሪያው መሠረት ቀን ማለት ከጧቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ያለው ጊዜ ሲሆን የቀረው ሌሊት ነው።

አንዳንድ አሠሪዎች ይህን ሲሰሙ ከጧቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት እንደ ልብ መጮህ የተፈቀደ ይመስላቸዋል። ይህ ስሕተት ነው። በእነዚህ 15 ሰዓቶች ውስጥም ቢሆን የ55 ዴሲቤሉ ወሰንና የፍትሐ ብሔር ሕጉ ድንጋጌ ጸንተው ይኖራሉ። እንዲሁም በአዲስ አበባ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የኮሪደር ልማት ሥራ ሌት ተቀን ሲካሄድ መታየቱ ይታወቃል፤ የግል አሠሪ ግን ይህን አይቶ ለራሱም እንደ ተፈቀደለት መቁጠር አይገባውም።

2ኛ. ጩኸቱ ምን ያህል ሩቅ ይሄዳል?

ዴሲቤል እንደ ኪሎ ወይም እንደ ሜትር በቀላሉ የሚደመር መለኪያ አይደለም። እኩል የሚጮሁ ሁለት መኪናዎች በአንድ ላይ ቢነሡ ድምፁ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። በሌላ በኩል፣ በመካከሉ መከለያ በሌለበት ሜዳ ላይ ርቀት በእጥፍ ሲጨምር ድምፁ 6 ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል።

አርማታ የሚያፈርሰው የአየር መዶሻ በ15 ሜትር ርቀት ላይ 88 ዴሲቤል ያህል ይሰማል። ይህ በ30 ሜትር 82፣ በ60 ሜትር 76፣ በ120 ሜትር 70፣ በ240 ሜትርም 64 ይሆናል ማለት ነው። በመካከሉ የሚገኙ ቤቶችና ግንቦች ድምፁን እንደሚቀንሱት እርግጥ ነው፤ ይሁን እንጂ አጥር ለአጥር ለሚዋሰነው ጎረቤት 55 ዴሲቤል ሊደረስበት የማይችል ነገር መሆኑ ከሒሳቡ በግልጽ ይታያል። እንግዲህ ድምፁን ወደ ወሰኑ ማውረድ ካልተቻለ፣ የሚቀረው ጊዜውን ማሳጠርና ሰው ከሚያርፍበት ሰዓት ማራቅ ነው።

ከዚሁ ሒሳብ አንድ ጠቃሚ ትምህርት ይገኛል። ሁለት የአየር መዶሻዎች በተከታታይ እያንዳንዳቸው 2 ሰዓት ቢሠሩ ጎረቤት 4 ሰዓት ይታወካል። ሁለቱ በአንድ ጊዜ ቢሠሩ ግን ድምፁ በ3 ዴሲቤል ብቻ ጨምሮ ሁከቱ በ2 ሰዓት ያልቃል። ስለዚህ የሚጮኸውን ሥራ በአንድነት ሰብስቦ ቶሎ መጨረስ፣ ቀኑን ሙሉ በትኖ ከመሥራት ይሻላል።

3ኛ. በሌሎች ከተሞች ያለው ልማድ

ይህ ችግር የእኛ ከተሞች ብቻ አይደለም። በብሪታንያ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1974 የወጣው የብክለት ቁጥጥር ሕግ፣ የአካባቢው ማዘጋጃ ቤት ለግንባታ ሥራ ሰዓት እንዲወስን ሥልጣን ሰጥቶታል፤ ሥራ ተቋራጩም ሥራው ሳይጀመር አስቀድሞ ስምምነት እንዲጠይቅ በር ከፍቶለታል። ብዙዎቹ የለንደን ማዘጋጃ ቤቶች ከሰኞ እስከ ዓርብ ከጧቱ 2 ሰዓት እስከ ማታው 12 ሰዓት፣ ቅዳሜ ከጧቱ 2 ሰዓት እስከ ቀኑ 7 ሰዓት ጩኸት ያለው ሥራ ይፈቅዳሉ፤ በእሑድና በበዓል ቀን ይከለክላሉ። በኒው ዮርክ ከተማ ያለ ልዩ ፈቃድ የሚሠራው በሥራ ቀኖች ከጧቱ 1 ሰዓት እስከ ማታው 12 ሰዓት ነው። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በዋሽንግተን ዲሲ ደግሞ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ከጧቱ 1 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ነው። በጀርመን አገር እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1970 የወጣው የግንባታ ጩኸት ደንብ ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ ጧቱ 1 ሰዓት ያለውን ጊዜ በሌሊት ይቆጥረዋል።

ሰዓቱ ከአገር አገር ጥቂት ቢለያይም መሠረቱ አንድ ነው። ሌሊት የዕረፍት ነው፤ በሳምንት ቢያንስ አንድ ቀን ጸጥታ ይኖራል፤ ከተወሰነው ሰዓት ውጭ መሥራት የሚፈልግም ምክንያቱን አቅርቦ አስቀድሞ ፈቃድ ይጠይቃል።

4ኛ. የሌሊት ሥራ ለአሠሪው ያለው ሒሳብ

ነጋዴ ሊያነሣው የሚችል ተገቢ ጥያቄ አለ። የባንክ ብድር ወለድ በየቀኑ ይቆጠራል፤ የዕቃ ዋጋ ይጨምራል፤ ቤቱ ቶሎ ካላለቀ ኪራዩ ይቀራል። ታዲያ ሌሊትም ቢሆን ሠርቶ መጨረስ አይሻልምን? ይህ ጥያቄ በሒሳብ ሊመረመር ይገባዋል።

የአሠሪና ሠራተኛ ዐዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን ሥራ በቀን 8 ሰዓት፣ በሳምንት 48 ሰዓት ወስኗል። የትርፍ ሰዓት ሥራ የሚፈቀደው እንደ አደጋና እንደ አስቸኳይ ሥራ ባሉ በዐዋጁ በተዘረዘሩ ምክንያቶች ሲሆን፣ እሱም በቀን ከ4 ሰዓት፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አይበልጥም። ክፍያውም ከጧቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ለሚሠራው የመደበኛው 1.5 እጥፍ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ጧቱ 12 ሰዓት 1.75 እጥፍ፣ በሳምንት የዕረፍት ቀን 2 እጥፍ፣ በሕዝብ በዓል ቀን 2.5 እጥፍ ነው።

ለምሳሌ ያህል በቀን 600 ብር የሚከፈላቸው 20 ሠራተኞች አሉ እንበል። የአንድ ሰው የ1 ሰዓት ዋጋ 75 ብር ነው። ሃያው ሰዎች በመደበኛ ጊዜ 4 ሰዓት ቢሠሩ 6,000 ብር ይከፈላል። ያንኑ 4 ሰዓት በቀን ትርፍ ሰዓት ቢሠሩት 9,000፣ በሌሊት ትርፍ ሰዓት 10,500፣ በዕረፍት ቀን 12,000፣ በበዓል ቀን 15,000 ብር ይሆናል። በዚህ ላይ የመብራቱ ወጪ፣ የጄኔሬተሩ ነዳጅ፣ ደክሞ የሚሠራ ሰው የሚያበላሸው ሥራና በጨለማ የሚደርስ አደጋ ይጨመራል። ጎረቤት አቤት ብሎ ሥራው ለጥቂት ቀኖች እንኳ ቢቆም፣ በሌሊት ተገኘ የተባለው ጊዜ ተመልሶ ይጠፋል፤ ወለዱ ግን ሥራው ቆሟል ብሎ አይቆምም።

በሒሳብ መዝገብ ላይ የማይጻፍ ሌላም ኪሳራ አለ። በሰፈር ውስጥ ሱቅ የሚከፍት ሰው ነገ ደንበኞቹ የሚሆኑት ዛሬ እንቅልፍ የሚነሣቸው ጎረቤቶቹ ናቸው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የተባለው ለነጋዴ ከማንም ይልቅ እውነት ነው። የአራስ ቤት፣ የታመመ ሽማግሌ፣ ለፈተና የሚያጠና ተማሪ ወይም ሌሊት ሠርቶ የመጣ ሰው ባለበት ቤት አጠገብ የተነሣ ሁከት ሕንፃው አልቆ ቀለም ከተቀባ በኋላም አይረሳም።

5ኛ. ሥራውን እንደ ጩኸቱ መጠን መክፈል

ብልህ አሠሪ ሥራውን በሦስት ይከፍለዋል። በመጀመሪያው ክፍል ብርቱ ጩኸት ያላቸው ይገባሉ፤ እነሱም ማፍረስ፣ ድንጋያማ መሬት መቆፈር፣ በአየር መዶሻ መስበር፣ ፌሮ በመኪና መቁረጥና ቆርቆሮ መምታት ናቸው። በሁለተኛው ክፍል መካከለኛ ጩኸት ያላቸው አርማታ ማቡካት፣ ብሎኬት ማራገፍና የጣውላ ሥራ ይገባሉ። በሦስተኛው ክፍል ልስን፣ ቀለም፣ የመብራት መስመር ዝርጋታ፣ ፌሮ በሽቦ ማሰርና መጥረግ ይገኛሉ።

ለመኖሪያ ሰፈር የሚመከረው አከፋፈል እንደሚከተለው ነው። ብርቱ ጩኸት ያለው ሥራ ከሰኞ እስከ ዓርብ ከጧቱ 3 ሰዓት እስከ 6 ሰዓትና ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ቢሆን፤ መካከለኛው ከጧቱ 2 ሰዓት እስከ ቀኑ 11 ሰዓት ቢሆን፤ ጸጥ ያለው ሥራ ከጧቱ 1 ሰዓት እስከ ማታው 12 ሰዓት ቢሆን፤ ቅዳሜ ከመካከለኛው የማይበልጥ ሥራ ከጧቱ 2 ሰዓት እስከ ቀኑ 7 ሰዓት ብቻ ቢሠራ፤ እሑድና በዓል ሥራ ቢቆም መልካም ነው። ይህ ምክር እንጂ የሕግ ቃል አይደለም። የወረዳው ወይም የማዘጋጃ ቤቱ ፈቃድ ከዚህ የጠበበ ሰዓት ቢወስን መከበር ያለበት እሱ ነው።

በዚህ አከፋፈል ላይ እንደ ሰፈሩ ጠባይ ማስተካከያ ይደረጋል። በመስጊድ አጠገብ የሚሠራ ሰው ለዓርብ ጁምዓ ሰዓት ሥራውን ማቆም ይገባዋል። በቤተ ክርስቲያን አጠገብ የሚሠራም የክብረ በዓሉን ቀን አስቀድሞ ይጠይቅ። ትምህርት ቤት አጠገብ ከሆነ ብርቱው ሥራ ተማሪዎች በሌሉበት ቀን ቢሠራ ስለሚሻል፣ የቅዳሜ ጧት ለዚህ ሊፈቀድ ይችላል። በጎረቤት የሐዘን ድንኳን በተተከለ ጊዜ ደግሞ የአየር መዶሻውን ማቆም ማንም ሳይጠይቅ ሊደረግ የሚገባ ነው፤ ሠራተኞቹ በዚያ ቀን ወደ ሦስተኛው ክፍል ሥራ ቢዞሩ የሚባክን የቀን ዋጋ አይኖርም።

6ኛ. ሱቅና መኖሪያ አብረው በሚገኙበት

እንደ መርካቶና እንደ ፒያሳ ባሉ፣ ሱቅና መኖሪያ በተቀላቀሉባቸው ቦታዎች አንድ ችግር አለ። የሚኖረው ሰው ጩኸቱ በቀን እንዲሆንለት ይፈልጋል፤ ባለሱቁ ደግሞ ገበያ በሚደራበት በቀኑ ሰዓት ደንበኛው ቃሉን እንኳ መስማት ሲያቅተው ገቢው ይቀንሳል። ሁለቱም እውነት አላቸው። ነገር ግን እንቅልፍ የጤና ጉዳይ ስለ ሆነ ይቀድማል፤ የባለሱቁ ጉዳት በሌላ መንገድ ሊቃለል ይችላል። ይኸውም ብርቱው ሥራ የሚሠራባቸው ቀኖች ከሳምንት በፊት ቢነገሩት፣ ገበያው የሚበረታባቸው ቀኖች ቢተዉለትና የሱቁ መግቢያ በአሸዋና በድንጋይ እንዳይዘጋ ቢደረግ ነው። የሚያውቀውን ሁከት ሰው ይዘጋጅበታል፤ በድንገት የመጣው ግን እጥፍ ሆኖ ይሰማዋል።

7ኛ. ሊቋረጥ የማይችል ሥራ

ሥራ ተቋራጮች ለሌሊት ሥራ ብዙ ጊዜ የሚሰጡት ምክንያት የሶሌታ ሙሌት ነው። ይህ ምክንያት በከፊል እውነት ነው። አርማታ ከተቦካ በኋላ በተለመደው የሙያ ደንብ በ1 ሰዓት ተኩል ውስጥ በቦታው ሊፈስ ይገባዋል፤ ሶሌታም በመካከሉ ቢቋረጥ አሮጌው ከአዲሱ በደንብ የማይያያዝበት ደካማ መጋጠሚያ ይፈጠራል። ስለዚህ የተጀመረ ሙሌት ሰዓት ደረሰ ተብሎ እንዲሁ አይተውም።

ዳሩ ግን አብዛኛው የሌሊት ሙሌት የሚመጣው ከአዘገጃጀት ጉድለት ነው። 200 ካሬ ሜትር ስፋትና 20 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ሶሌታ 40 ሜትር ኩብ አርማታ ይፈልጋል። በሰዓት 5 ሜትር ኩብ በሚያደርስ አንድ ሚክሰር 8 ሰዓት ይፈጃል፤ ከጧቱ 2 ሰዓት የተጀመረው በ10 ሰዓት ያልቃል። ሲሚንቶው ዘግይቶ ደርሶ ሥራው ከቀኑ 7 ሰዓት ቢጀመር ግን የሚያልቀው ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ነው። ሁለት ሚክሰር ቢቆም በ4 ሰዓት ያልቃል፤ ድምፁም የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ያህል ብቻ ነው። እንግዲህ ደንቡ ይህ ይሁን፤ ሲሚንቶው፣ አሸዋው፣ ጠጠሩና ውኃው ከዋዜማው ሳይሟላ፣ መለዋወጫ ቫይብሬተርም ሳይዘጋጅ ሙሌት አይጀመር። ከቀኑ 5 ሰዓት በፊት ካልተጀመረም ለማግስቱ ይተላለፍ።

የጭነት መኪናም እንዲሁ ነው። በአዲስ አበባ የጭነት ተሽከርካሪዎች በቀን የሚንቀሳቀሱበት ሰዓት ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በልዩ ልዩ ጊዜ በወጡ መመሪያዎች ሲገደብ ስለ ቆየ፣ ዕቃ በምሽት መምጣቱ አንዳንዴ አይቀርም። በዚህ ጊዜ መኪናው ግቢ ገብቶ ሞተሩ ይጥፋ፤ ፌሮው ከላይ ወደ ታች ሳይወረወር በሰው እጅ ይውረድ፤ ቢቻልም እስኪነጋ ሳይራገፍ ይደር።

8ኛ. አስመጪዎች ሊያስቡበት የሚገባ

ጩኸት ከገበያም ጋራ ግንኙነት አለው። ጄኔሬተር፣ ኮምፕሬሰርና የአየር መዶሻ የሚያስመጣ ነጋዴ ስለ ኃይሉና ስለ ዋጋው እንደሚጠይቅ ሁሉ ስለ ድምፁም ሊጠይቅ ይገባል። በአውሮጳ ኅብረት አገሮች እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ2000 በወጣው መመሪያ መሠረት ከቤት ውጭ የሚሠሩ ብዙ መሣሪያዎች የድምፃቸው ኃይል በዴሲቤል ተጽፎ እንዲለጠፍባቸው ታዝዟል። ሁለት መሣሪያዎች በዋጋ ሲቀራረቡ ይህን ቁጥር ማነጻጸር ቀላል ነው። ያገለገለ መሣሪያ የሚያመጣም ማርሚታ የሚባለው የጭስ መውጫ ድምፅ ማፈኛ አለመበሳቱንና መከለያው አለመጉደሉን ይመርምር። እንዲሁም መሣሪያውን በጠንካራና ቀዳዳ በሌለው መከለያ ከጎረቤት ዐይን ፈጽሞ መሰወር ድምፁን ከ5 እስከ 10 ዴሲቤል ሊቀንሰው ይችላል።

9ኛ. በውልና በማስታወቂያ ላይ የሚጻፍ

ከሥራ ተቋራጩ ጋራ በሚደረገው ውል ላይ የሚከተለው ዓይነት አንቀጽ ቢገባ ይበቃል።

«ሥራ ተቋራጩ ብርቱ ጩኸት ያለውን ሥራ በዚህ ውል በተያያዘው የሰዓት ሰንጠረዥ ብቻ ይሠራል። ከሰንጠረዡ ውጭ መሥራት የሚያስፈልግ ሲሆን ከ3 ቀን በፊት ለአሠሪው በጽሑፍ አስታውቆ ፈቃድ ይቀበላል፤ የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ፈቃድ የሚያስፈልግ ከሆነም ያንኑ ያቀርባል። ያለ ፈቃድ በተሠራ ሥራ ምክንያት የሚመጣ ቅጣትና የሥራ መቋረጥ በሥራ ተቋራጩ ላይ ይሆናል።»

ይህ አንቀጽ መጻፍ ያለበት ዋጋ ከመቅረቡ በፊት ነው። ተቋራጩ ሰዓቱን አውቆ ዋጋ ከሰጠ ኋላ ጭማሪ ሊጠይቅ አይችልም፤ ሰዓቱ ዋጋው ከተወሰነ በኋላ ከመጣ ግን ክርክር ይነሣል።

ለጎረቤቶች የሚሰጠው ማስታወቂያ ከአንድ ገጽ ሊበልጥ አይገባም። የሥራውን ዓይነት፣ የሚጀመርበትንና ያልቃል ተብሎ የሚታሰብበትን ቀን፣ ብርቱ ጩኸት ያለባቸውን ሰዓቶች፣ አቤቱታ የሚቀበለውን ሰው ስምና ስልክ ይያዝ። ወረቀቱን ዘበኛ በየደጁ ጥሎ ከሚሄድ ባለቤቱ ራሱ ይዞት ቢዞር ይሻላል። በየቤቱ ሲደርስም የታመመ፣ አራስ ወይም የሌሊት ሠራተኛ መኖሩን ይጠይቅ። ሥራው ከተጀመረ በኋላ ፎርማኑ ብርቱ ሥራ የተጀመረበትንና የቆመበትን ሰዓት በየቀኑ በመዝገብ ቢጽፍ፣ አቤቱታ ቢነሣ ማስረጃ ይሆናል።

በአጥር የሚዋሰኑ ሁለት ሰዎች አንዱ ዛሬ ሠሪ፣ ሌላው ዛሬ ታጋሽ ነው፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ተራው ይለዋወጣል። ዛሬ ሰዓት አክብሮ የሠራ ነጋዴ ነገ ጎረቤቱ ሲሠራ ሰዓት እንዲያከብርለት ያለ ሐፍረት ሊጠይቅ ይችላል። የሰዓት ሰንጠረዡም ከፕላኑ ጋራ በአንድ ፋይል ይቀመጥ፤ ፎርማኑ በየጧቱ ፕላኑን ሲገልጥ እሱንም ያነብበዋል።